ደባርቅ ላይ ሞተር አጥፍቶ አዘዞ ማረፍ ይቻላል? ስለ ባለሁለት መቀመጫ ሞተር ግላይደር የተደረገ ውይይት

ይህን የውይይት ክር የከፈተው አዘዞ የሚኖር የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ርዕሱ ጥያቄ ቢመስልም ውስጡ አቋም ነው። ለጎንደር ሰማይ ከጀርመኑ ሽቴሜ ኤስ 10 የተሻለ አውሮፕላን የለም ይላል። ሽቴሜው ባለሁለት መቀመጫ ሞተር ግላይደር ነው። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 23 ሜትር ይረዝማል። በራሱ ሞተር ይነሳል፣ ከፍታ ሲይዝ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ በክንፉ ብቻ ይሄዳል። አንድ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር 50 ሜትር ወደፊት ይራመዳል። የልጁ ሐሳብ አዘዞ ካለው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ፣ ደባርቅ ላይ ሞተር አጥፍቶ፣ እንግዳውን የሰሜን ተራሮችን ገደል በጸጥታ አሳይቶ መመለስ ነው። ሁለት ነገር ጠየቀ። ይሄ በእኛ አየር ላይ ይሠራል ወይ? ጀርመኖቹስ እዚህ ማሽን ላይ እንዴት ደረሱ?

መልሶቹን ከዚህ በታች በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ቁም ነገር ያለበት ላይ ረዘም እላለሁ፤ ሰላምታና ጭቅጭቅ ብቻ የሆነውን ቶሎ አልፈዋለሁ።

መልስ 1 ምስጋና ነው። ጎንደር ላይ ስለ አውሮፕላን የሚጽፍ ልጅ መገኘቱ እንዳስደሰተው የተናገረ ሰው ነው የጻፈው።

መልስ 2 ሞተር ግላይደር የሚባለው ነገር የፓራሹት ዓይነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የዋህ ነው፣ ግን ጠቀመ። የፊዚክስ መምህር ነኝ ያለ ሰው በመልስ 3 በትዕግሥት አስረዳ። ግላይደር ያለ ሞተር እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ አውሮፕላን ነው። ክንፉ ረጅምና ቀጭን የሆነው በምክንያት ነው። ከክንፍ ሥር ያለው ግፊት ከላዩ ስለሚበልጥ አየሩ በጫፉ በኩል እየተጠቀለለ ያመልጣል። ይሄ ሽክርክሪት ጉልበት ይበላል። ክንፉ በረዘመ መጠን የሚባክነው ይቀንሳል። መምህሩ ለንጽጽር ሴስና 172ን አመጣ። ሴስናው 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ ቢጠፋበት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሽቴሜው በረጋ አየር 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ተራ ግላይደር ለመነሳት ጎታች አውሮፕላን ወይም በሞተር የሚጠቀለል ገመድ ይፈልጋል። ሞተር ግላይደር ግን ራሱን ያነሳል። እኛ ዘንድ ጎታችም ገመድም ስለሌለ ልጁ ይሄን ዓይነት መምረጡ ልክ ነው አለ።

መልስ 4 የክሩ ረጅሙ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ጎንደር አድጎ አሁን ጀርመን የሚኖር፣ ቅዳሜና እሁድ ግላይደር ክበብ የሚውል ሰው ነው። ታሪኩን ከሥሩ ጀመረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመን ላይ የሞተር አውሮፕላን ሥራን አጠበበ። ወጣቶቹ እ.ኤ.አ. በ1920 ቫሰርኩፐ የሚባል ኮረብታ ላይ ተሰብስበው ያለ ሞተር መብረር ጀመሩ። ነገሩ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገባ። ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ክበብ አቋቁመው ራሳቸው ይነድፉ፣ ራሳቸው ይሠሩ፣ ራሳቸው ይበሩ ነበር። የሽቱትጋርት ተማሪዎች ክበብ የነደፈው ፊኒክስ እ.ኤ.አ. በ1957 በረረ። ከፋይበር ግላስ የተሠራ የመጀመሪያው ግላይደር እሱ ነው። ከእንጨትና ከሸራ ይልቅ ፋይበር ግላስ ለስላሳና ቅርጹን የማይለቅ ክንፍ ይሰጣል። ቀጥሎ ካርቦን ፋይበር መጣና ክንፉ ሳይሰበር ይበልጥ እንዲረዝም አስቻለ።

ከዚያ ዋናው ችግር ላይ ደረሰ፤ ፕሮፔለሩ። ሞተር ሲጠፋ ፕሮፔለር ትርፍ ዕቃ ነው፣ አየር ይጎትታል። የድሮ ሞተር ግላይደሮች እንደ ግሮብ 109 ፕሮፔለራቸውን አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ትተው ይንሳፈፋሉ። በዚህም የተነሳ 1 ለ 28 አካባቢ ላይ ይቆማሉ፤ አንድ ሜትር ሲወርዱ 28 ሜትር ወደፊት ይሄዳሉ ማለት ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ሞተሩንና ፕሮፔለሩን በምሰሶ ከጀርባ ብቅ ማድረግና ሲጨርሱ መልሶ ሆድ ውስጥ መክተት ነው። ኒምቡስ 4ዲኤምና አርከስ ኤም እንዲህ ናቸው። ራይነር ሽቴሜ የተባለው የፊዚክስ ባለሙያ ሁለቱንም አልወደደም። እ.ኤ.አ. በ1984 በርሊን ላይ ድርጅት አቋቋመና ሦስተኛ መንገድ ሞከረ። ሞተሩን ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛን የሚጠብቅበት ቦታ አጠገብ አስቀመጠው። ፕሮፔለሩን አፍንጫው ውስጥ አደረገው። ሁለቱን በካርቦን ፋይበር ሻፍት አገናኛቸው። ሻፍቱ የሚያልፈው በፓይለቱና በጓደኛው መሀል ነው። ለመነሳት የአፍንጫው ቆብ ወደፊት ይገፋል፤ በተከፈተው ክፍተት ውስጥ የታጠፉት የፕሮፔለር ምላጮች በመሽከርከር ኃይል ይዘረጋሉ። ሞተሩ ሲቆም ምላጮቹ ይታጠፋሉ፣ ቆቡ ወደኋላ ተመልሶ ይዘጋል። ከውጭ የሚያየው ሰው ሞተር የሌለው ንጹሕ ግላይደር ነው የሚመስለው።

እኔ ከክሩ ሁሉ ይሄን ክፍል እወደዋለሁ። ሰውየው የተሻለ ሞተር አልፈጠረም። የነበረውን ሞተር የት እንደሚያስቀምጠው ነው ያሰበው። የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1986 በረረ፣ ፈቃዱን ያገኘው ግን በ1990 ነው። መብረር ከቻለ በኋላ እንኳ አራት ዓመት ገደማ ማስረጃ ማቅረብ ነበረበት ማለት ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ፋብሪካው ከበርሊን በስተምሥራቅ ወዳለችው ሽትራውስበርግ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ 93 የፈረስ ጉልበት ያለው የሊምባህ ሞተር ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ባለ 115 ፈረስ ሮታክስ 914 ሞተር የገባበት ኤስ 10-ቪቲ መጣ። በ2015 ደግሞ ክንፉ 25 ሜትር፣ ንጽጽሩ 1 ለ 53 የሆነው ኤስ 12 በረረ።

በመልስ 5 ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጋራዥ ያለው መካኒክ ገባ። አክብሮት አለው፣ ግን አላመነም። ከኋላ እስከ አፍንጫ የሚደርስ ሻፍት እንዴት ሳይንቀጠቀጥ ይሽከረከራል? የኤፍኤስአር ሻፍት ትንሽ ሚዛን ሲስት መኪናውን ሙሉ እንደሚያናውጠው በየቀኑ ያያል። ሆድ ውስጥ የተደበቀ ሞተርስ በምን ይቀዘቅዛል?

ጥሩ ጥያቄ ነበርና የጀርመኑ ሰው በመልስ 6 ተመልሶ መጣ። እያንዳንዱ ሻፍት መርገብገብ የሚጀምርበት የዙር ፍጥነት አለው። ብረት ሲረዝም ይሄ ፍጥነት ይወርዳል። ካርቦን ፋይበር ከብረት ይልቅ በጣም ቀላል ሆኖ ሳለ ግትር ስለሆነ፣ የሚርገበገብበት ፍጥነት ሞተሩ ከሚሠራበት በላይ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ቅዝቃዜውን በተመለከተ ሞተሩ ሲሠራ ጎኑ ላይ አየር ማስገቢያ በሮች ይከፈታሉ፣ ሲጠፋ ይዘጋሉ። መካኒኩ በአጭሩ አመሰገነ።

በመልስ 7 ነገሩ ጦዘ። አንዱ መጥቶ ሕዝብ ቤንዚን ለማግኘት ተሰልፎ በሚያድርበት አገር የፈረንጅ መጫወቻ ላይ ጊዜ ማጥፋት ነውር ነው አለ። መጀመሪያ ሰላም፣ መጀመሪያ ዳቦ ይቅደም አለ። ብዙዎች ወረዱበት። እኔ ግን የሰላሙን ነገር አንስቶ መናገሩን አልጠላሁትም፤ ሰላም የሌለበት ሰማይ ላይ እንግዳ ይዞ የሚወጣ ሰው የለም። መልስ 8 በቁጣ ዓፄ ቴዎድሮስን ጠራ። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጎንደር ላይ ያሠሩ ንጉሥ ዳቦ እስኪሞላ አልጠበቁም አለ። መልስ 9 ወዲያው አረመው። ሴባስቶፖል የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ነው፤ የሠሩትም ንጉሡ ያስገደዷቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ሸካራ ነበር። አላዋቂ የሚል ቃል ባይጨምርበት ጥሩ ነበር።

ጭቅጭቁን ያበረደው መልስ 10 ነው። ከመድፍ ወደ አውሮፕላን መለሰን። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ሠርቶ ነበር። ስሟ ፀሐይ ይባላል፣ በልዕልት ፀሐይ የተሰየመች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 በረረች። ጣሊያኖች ወሰዷት፣ ለአሥርት ዓመታት ሙዚየም ውስጥ ቆየች፣ በጥር 2024 ተመለሰች። ሁለት መቀመጫ ነበራት። የሞተሯ ጉልበት 115 ፈረስ ነበር። ሮታክስ 914 ያለው ሽቴሜም ባለሁለት መቀመጫ ባለ 115 ፈረስ ነው። ጸሐፊው ይሄን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሌላ ምንም አልጨመረም። መልስ 7ን የጻፈው ሰውም ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

ክሩን የቀየረው ግን መልስ 11 ነው። የጻፉት ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ሌሎች ስለ 1 ለ 50 ሲያወሩ እሳቸው ስለ መነሳት ጠየቁ። አዘዞ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛው የአየር ሙቀት 2 ዲግሪ ነው ተብሎ ይታሰባል። በሚያዝያ ቀትር ግን 27 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በ25 ዲግሪ በለጠ ማለት ነው። ሞቃት አየር ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 2,900 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን አንድ በአንድ ዘረዘሩት። ተርቦ የሌለው 93 ፈረስ የተባለው ሞተር ከ70 በታች ይወርዳል። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ሳስቶበታል። ክንፉ ለመነሳት በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ቢፈልግ፣ ጠቋሚው 90 ሲያነብ አውሮፕላኑ መሬቱ ላይ ከ100 በላይ እየሮጠ ነው። ስለዚህ በደከመ ሞተር የበለጠ ፍጥነት መያዝ አለበት። ማኮብኮቢያችን ጄት የሚያሳርፍ ስለሆነ ርዝመት አይቸግርም። የሚያስቸግረው ከተነሳ በኋላ ያለው አቀበት ነው። ሰሜኑ ኮረብታ ነው፤ ጣና በኩል ግን ሜዳ ነው። ስለዚህ ወደ ጣና አቅጣጫ፣ በማለዳ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ መነሳት። እና ያለ ተርቦ አይታሰብም አሉ። ሮታክስ 914 ሙሉ 115 ፈረሱን እስከ 2,400 ሜትር አካባቢ ይይዛል፤ ለረጅም ጊዜ የሚሠራበትን 100 ፈረስ ደግሞ እስከ 4,800 ሜትር ገደማ። ኤስ 10 መባሉ ብቻ አይበቃም፣ የትኛው ኤስ 10 እንደሆነ ይለያል።

ልጁ በመልስ 12 ትንሽ ቅር ብሎት መለሰ። ጋሼን አመስግኖ፣ ግን ሁሉም ሰው መነሳቱን አክብዶ መንሳፈፉን ማቃለሉ ልክ አይደለም አለ። አንዲት ተማሪ በመልስ 13 አገዘችው። ከደባርቅ አዘዞ በቀጥታ መስመር 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ50 ሲካፈል 1,700 ሜትር ነው። የአዘዞን 2,000 ጨምሮ 3,700፤ ለማረፊያ ዙር 300 ሲጨመር 4,000 ሜትር። ደባርቅ ላይ 4,000 ሜትር የያዘ ሞተሩን አጥፍቶ አዘዞ ይገባል።

መልስ 14 ስለታም ነበር። በዚህ ስሌት የሚበር ሰው ዘመዶቹን ያስለቅሳል አለ። 1 ለ 50 ክንፉ ንጹሕ፣ አየሩ የረጋ፣ ፍጥነቱ በትክክል የተመረጠ ሲሆን የሚገኝ ቁጥር ነው። ፊት ለፊት ነፋስ ሲኖር ይቀንሳል። ቁልቁል የሚወርድ አየር ውስጥ ሲገቡ ይወድቃል። ክንፍ ላይ የተለጠፈ ነፍሳት እንኳ ይቀንሰዋል። ጠንቃቃ ፓይለት በ1 ለ 30 ያቅዳል። እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልገው ከፍታ 5,100 ሜትር ይሆናል። በዚያ ከፍታ ኦክስጅን ግድ ነው። ሐሳቡን በሙሉ እቀበለዋለሁ። ተማሪዋ ላይ ያሳየው ንቀት ግን አያስፈልግም ነበር፤ የእሷ ስሌት መነሻ ባይሆን የእሱ እርማትም አይኖርም።

መልስ 15 ሁለቱንም አረማቸው። ዳባት ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። ሁለቱም መንገዱን እንደ ሜዳ ነው የቆጠሩት አለ። በደባርቅና በጎንደር መሀል የወገራ ደጋ አለ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ መሬቱ ራሱ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ የአዘዞን ከፍታ ብቻ ማስላት አይበቃም፤ ደጋውን በምን ያህል ትርፍ እንደሚያልፉ ማሰብ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ደጋው በረከት ነው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ስንዴውና ገብሱ ሲታጨድ ሰፊ ባዶ ማሳ ይቀራል። ከፍታ ያለቀበት ግላይደር እዚያ ሊያርፍ ይችላል። በክረምት ግን ማሳው ጭቃና ሰብል ነው፤ ያኔ የሚያርፍ ሰው የሰው እህል ያወድማል። ደግሞ ከአየር ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ሜዳ አይደለም። የድንጋይ ካብ አለ፣ የውሃ ቦይ አለ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች አሉ። አውሮፕላን ሲወርድ ልጆቹ እየሮጡ ወደሱ ነው የሚመጡት። ከመብረር በፊት ከገበሬው ጋር መነጋገር እንዳለበት የጻፈው እሱ ብቻ ነው። ጀርመን የሚኖረው ሰው እዚህ ላይ ገብቶ፣ እነሱ ዘንድም የማረፊያ ማሳዎችን በእግር እየዞሩ ማየት የትምህርቱ አካል እንደሆነ አረጋገጠ። ይሄ መልስ 16 ነው።

መልስ 17 ከደባርቅ አስጎብኚ ነው። ቋንቋው ደስ ይላል። ጥንብ አንሣዎቹ ጠዋት ገደሉ ላይ ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁ ይናገራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይንቀሳቀሱም። ድንጋዩ ፀሐይ ሲመታው አየሩ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ ያኔ አንድ በአንድ ይለቃሉ። ክንፋቸውን ሳያራግቡ እሜት ጎጎን ዞረው ከተመልካች በላይ ይወጣሉ። የሰሜን ተራሮች ገደል ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ ከቆላ የሚመጣው ነፋስ ግድግዳውን መትቶ ወደ ላይ ይታጠፋል። ግላይደር ከዚህ የተሻለ ማንሻ አያገኝም፣ አሞራዎቹን መከተል ነው አለ። መልስ 18 የሚገርም ነገር ጨመረ። ኤድዋርድ ሩፐል የተባለው የፍራንክፈርት ተመራማሪ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደርንና የሰሜን ተራሮችን አይቶ ሄዷል። በስሙ የሚጠራው የሩፐል ጥንብ አንሣ እዚሁ ገደላችን ላይ ይኖራል። ከዚሁ ዝርያ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1973 ምዕራብ አፍሪካ ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ወፍ የደረሰበት ከፍተኛው ከፍታ ተብሎ የሚጠቀሰው ይሄ ነው።

አንዲት እህት በመልስ 19 በጨዋነት ጀመረች፣ በጠንካራ ቃል ጨረሰች። አሞራውን እንከተል ስትሉ አሞራውን የጠየቀ አለ? የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፣ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ማለት ነው። ሞተር ያለው ነገር ጎጆ አጠገብ ማምጣት ምን እንደሚያስከትል ማንም አላነሳም አለች። አጥንት ከከፍታ ላይ ጥሎ የሚሰብረው አሞራ በዓመት አንድ ጫጩት ብቻ ነው የሚያሳድገው። ከተጋጨም የሚሞተው አሞራው ብቻ አይደለም። ማንም አልተከራከራትም። አስጎብኚው ራሱ ተመልሶ ከጎጆዎቹ የሚራቅበት ወሰን መሬት ላይ በሚሠሩት ጠባቂዎች መነገር አለበት ሲል ተስማማ።

መልስ 20 ማሽኑ ከፍታ ይችል እንደሆነ የጠየቁትን መለሰ። ክላውስ ኦልማን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ተርቦ ባለው ሽቴሜ ካሜራ ጭኖ ኤቨረስት አካባቢ በሯል። ያው ሰው በ2003 አርጀንቲና ውስጥ ከአንዲስ ተራሮች በስተጀርባ በሚፈጠረው የነፋስ ሞገድ 3,009 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ያኔ ግን ማሽኑ ኒምቡስ 4ዲኤም ነበር። ጸሐፊው ሁለቱን ማሽኖች እንዳንቀላቅል አጥብቆ አስጠነቀቀ። ረጅም ክንፍ ዋጋ እንዳለውም ጨመረ። ኤታ የተባለችው ባለሁለት መቀመጫ 30.9 ሜትር ክንፍ አላት፣ 1 ለ 70 ትሄዳለች ተብላ ነው የተሠራችው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከነዚህ አንዷ በበረራ ሙከራ ላይ ተሰበረች። ሁለቱ ሰዎች በፓራሹት ተረፉ።

መልስ 21 ኤሌክትሪክን አነሳ። እኔ ከጋሼ ቀጥሎ ይሄን ነው ከባድ ሚዛን የምሰጠው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። አዘዞ ላይም ባሕር ዳርቻም ጉልበቱ ያው ነው፤ የሚቸገረው ፕሮፔለሩ ብቻ ነው። የስሎቬኒያው ፒፒስትሬል ኩባንያ ታውረስ ኤሌክትሮ የተባለ ባለሁለት መቀመጫ ሠርቷል፣ 40 ኪሎ ዋት ሞተር፣ 15 ሜትር ክንፍ፣ 1 ለ 40 ገደማ። ችግሩ ባትሪው ነው። አንድ ሙሉ ባትሪ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ያወጣና ያበቃል። ከአዘዞ ተነስቶ ሽቅብ አየር ለመያዝ ይበቃል፣ ደባርቅ በሞተር ለመድረስ ግን አይበቃም። መልስ 22 መብራት ሲጠፋ በምን ሊሞላ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ወሬውም ስለ ጄኔሬተርና ስለ ሶላር ሆነ። አምስት ስድስት ሰው የየሰፈሩን የመብራት ፈረቃ ጻፈ። እሱን እዘለዋለሁ።

መልስ 23 የእኔ ነው። የጻፍኩት ይሄን ነው። ስንከራከርበት የቆየነው 1 ለ 50 ለጎንደር ከሦስት መመዘኛዎች የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያው በሳሳ አየር መነሳት ነው፣ ስለዚህ ወይ ተርቦ ወይ ኤሌክትሪክ። ሁለተኛው ሞተሩ አየር ላይ አልነሳም ቢል ምን ይሆናል የሚለው ነው። በምሰሶ ብቅ የሚል ሞተር ወጥቶ ካልተነሳ አየሩን እየጎተተ መንሳፈፉን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ያ ቢፈጠር ከታች ማሳ መኖር አለበት። ወገራ ላይ አለ፣ ከገደሉ በስተሰሜን ግን የለም። በዚህ በኩል የሽቴሜው አፍንጫ ይሻላል፤ ፕሮፔለሩ ትንሽ ነው የሚጎትተው። መንሳፈፉ ሦስተኛ ነው። ደግሞ የገደሉ ሽቅብ አየር ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ፣ 1 ለ 40ም ለጠንቃቃ ሰው ብዙ ነው። የጎንደር ከፍታ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይወስዳል፤ የሚወስደው መነሻ ላይ ስለሆነ ስሌቱ ከዚያ መጀመር አለበት።

መልስ 14ን የጻፈው ሰው በመልስ 24 ተመልሶ በደረጃው ተስማማ፣ ተማሪዋንም ይቅርታ ጠየቀ። በ1 ለ 30 አስልታ እንድታወጣም ጋበዛት። እሷ የአምባ ጊዮርጊስን ከፍታ አስገብታ አዲስ ሠንጠረዥ ለጠፈች።

ጋሼ በመልስ 25 ልጁን በስም ሳይጠሩ ልጄ እያሉ መከሩት። አውሮፕላን ከማለም በፊት የአዘዞን ሙቀትና ነፋስ በየሰዓቱ ለአንድ ሙሉ በጋ መዝግብ አሉት። በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት አየሩ እንደሚሳሳ በቁጥር ካላወቅህ የሚሸጥልህ ሰው የሚልህን ትቀበላለህ አሉ። ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፊት ስትቀርብም የሚጠየቀው ያ ነው። ልጁ በመልስ 26 እንደሚጀምር ጻፈ። የዳባቱ ልጅ ደግሞ ከጥር በፊት ከመንገዱ ዳር ያሉትን ማሳዎች ርዝመትና ተዳፋት ለክቶ ሊልክለት ተስማማ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መልሶች የመካኒኩ ናቸው ማለት ይቻላል። ሮታክሱ የመኪና ቤንዚን ይቀበላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከጀርመን የመጣው መልስ 95 ኦክቴን ያለው ቤንዚን እንደሚበቃው፣ ነገር ግን ከፍታ ላይ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተንን መስመሩ ውስጥ አረፋ እንዳይፈጠር መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ነው። መካኒኩ ይሄን ካነበበ በኋላ ለጀርመኑ ሰው አንድ ነገር ጠየቀው። የሥራ ሰዓቱን የጨረሰ፣ ከእንግዲህ የማይበር ሮታክስ በየክበቡ ይገኛል አሉ፤ አንዱን ለትምህርት ብቻ መላክ ይቻል እንደሆነ። ተማሪዎቹ ጋራዡ መጥተው ቢፈቱት ተርቦው እንዴት እንደሚሠራ በዓይናቸው ያያሉ። የጀርመኑ ሰው ክበቡን እንደሚጠይቅ መልሷል።